ዋይፋይም ተራ አለው

መርካቶ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ ሱቅ አለዎት እንበል። ደንበኛው በቴሌብር ሊከፍልዎ በእርስዎ ዋይፋይ ገብቷል። ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን ይሽከረከራል። "ኔትወርክ የለም" ብለው ከማማረርዎ በፊት በስልክዎ የዋይፋይ ዝርዝሩን ከፍተው የጎረቤት ሱቆችን ስም ይቁጠሩ። ሃያ ሠላሳ ቢያገኙ አይግረምዎ።

ሁሉም የሚነጋገሩት በአንድ አየር ላይ ነው። ዋይፋይ ጨዋ ነው፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። ሌላው እያወራ ከሆነ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ሲግናልዎ ሙሉ ሆኖም ተራዎ ሊዘገይ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ ቻናሉን ይመልከቱ። ቻናል ማለት ራውተሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ የሚነጋገርበት የሞገድ መስመር ነው። በተለመደው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1 እስከ 13 ቁጥር አለ። ብዙ ይመስላል እንጂ አይደለም። ቁጥሮቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን የአንዱ ዋይፋይ ስፋት ግን 20 ገደማ ነው። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

"ጎረቤቶቼ 1 እና 6ን ከያዙ፣ እኔ መሐል 3 ላይ ብገባስ?" አይግቡ። በሁለት ተራ መሐል መንገዱ ላይ ዕቃ እንደ መዘርጋት ነው፤ ወዲያም ወዲህም ያውካሉ። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ይደማመጣሉ። በከፊል የተደራረበው ግን ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው።

"ጉልበት ያለው ራውተር ብገዛስ?" ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ራውተርዎ ሲጮህ ሌላ ፎቅ ያለው ሱቅ ሳይቀር ዝም ብሎ ይጠብቃል። የደንበኛው ስልክ ግን የሚመልሰው በዚያው በደካማ ድምፁ ነው። ለጠባብ ሱቅ ጉልበቱን መቀነስ ይሻላል፤ ሁሉም ጎረቤት ቢያደርገው ደግሞ ሕንፃው በሙሉ ይተነፍሳል።

5 ጊጋኸርዝ ያለው ራውተር ካለዎት ወደዚያ ይዛወሩ። ቻናሉ ብዙ ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል። ቤት ውስጥ ይህ ጉድለት ነው፣ መርካቶ ውስጥ ግን በረከት።

ዋጋው ስንት ነው? ቻናልና ጉልበት መቀየር ነፃ ነው። ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ መግቢያው አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። ወጪ የሚመጣው አሮጌው ራውተር 5 ጊጋኸርዝ ከሌለው ነው።

ጉልበትን የመመጠኑን ብልሃት የሞባይል ኔትወርክም ይጠቀምበታል። በ3ጂ ብዙ ስልኮች በአንድ ቻናል፣ በአንድ ጊዜ ያወራሉ፤ የሚለዩት እያንዳንዱ በያዘው ኮድ ነው። ማማው አጠገብ ያለው እንዳይጮህ፣ የራቀውም እንዳይዋጥ፣ ማማው ለእያንዳንዱ ስልክ በሰከንድ 1,500 ጊዜ "ጨምር፣ ቀንስ" እያለ ያዛል። ሲግናል ያጎላል ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ መሣሪያ ይህን ትእዛዝ ሊያዛባና የአካባቢውን ሰው ሁሉ ሊያውክ ይችላል።

ወደ ሱቅዎ ዋይፋይ እንመለስ፤ ቻናል ሲመርጡ ሙከራውን እሑድ አያድርጉት። አብዛኛው ሱቅ ዝግ ስለሆነ አየሩ ባዶ ይመስላል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ሲሞቅ ይሞክሩት።