ባለቀስት የኤሌክትሪክ መለኪያዎችና በግዥ ወቅት ሊዘነጉ የማይገባቸው ነጥቦች

በሆስፒታሎች፣ በውኃ መግፊያ ጣቢያዎች፣ በፋብሪካዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጀነሬተር ክፍሎች በሚገኙ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳዎች ላይ ቀስት ያላቸው መለኪያዎች ተገጥመው ይታያሉ። ዲጂታል መሣሪያዎች በገበያ ላይ በስፋት ቢገኙም፣ አናሎግ በመባል የሚታወቁት እነዚህ መለኪያዎች ዛሬም ከአገልግሎት አልወጡም። በግዥ ሰነድ ላይ «የአምፔር መለኪያ፣ ብዛት 3» ተብሎ ብቻ ሲጠየቅ ግን የሚቀርበው ዕቃ ከሰሌዳው ጋር ላይጣጣም ይችላል። ከዚህም አልፎ የተሳሳተ ንባብ በመስጠት በንብረትና በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

መለኪያዎቹ የፍጆታ ሂሳብ ከሚሰላበት ቆጣሪ የተለዩ ናቸው። ቆጣሪ በጊዜ ሂደት ጥቅም ላይ የዋለውን ኃይል በኪሎዋት ሰዓት ሲመዘግብ፣ የሰሌዳ መለኪያ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ያለውን የቮልቴጅ፣ የአምፔር ወይም የፍሪኩዌንሲ መጠን ያሳያል።

በአሠራራቸው በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በቋሚ ማግኔት መካከል የሚዞር የሽቦ ጥቅል ያለው ሲሆን፣ መሠረቱ ፈረንሳዊው ዣክ አርሰን ዳርሶንቫል በ1882 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው መሣሪያ ነው። ይህ ዓይነቱ መለኪያ ለቀጥተኛ ጅረት ማለትም ለዲሲ ያገለግላል፤ በመደቡ ላይ ያሉት ክፍፍሎችም እኩል ናቸው። ያለ ማስተካከያ ከኤሲ ጋር ቢገናኝ ቀስቱ ዜሮ ላይ ከመንቀጥቀጥ ያለፈ ነገር አያሳይም።

ሁለተኛው ዓይነት ጥቅል ሽቦው ቋሚ ሆኖ በውስጡ የሚገኙት ሁለት ብረቶች በመግነጢስ ኃይል እርስ በርስ ሲገፋፉ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሱበት ነው። ለኤሲ መስመር በብዛት የሚመረጠው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የመደቡ ክፍፍል በመነሻው አካባቢ የተጨናነቀ በመሆኑ አነስተኛ መጠንን በትክክል ለማንበብ ያስቸግራል።

ከቴክኒክ መግለጫዎች ሁሉ ብዙ ጊዜ በስህተት የሚተረጎመው የትክክለኛነት ደረጃ ነው። በመደቡ ላይ የሚጻፈው 1.5 ቁጥር፣ ስህተቱ ከመለኪያው ከፍተኛ መጠን 1.5 በመቶ እንደማይበልጥ ያመለክታል እንጂ በዚያች ሰዓት ከሚነበበው መጠን አይደለም። ለምሳሌ እስከ 500 ቮልት የሚለካ መሣሪያ በማንኛውም ነጥብ ላይ እስከ 7.5 ቮልት ሊሳሳት ይችላል። ይህ ልዩነት በ380 ቮልት ላይ 2 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ100 ቮልት ላይ ግን 7.5 በመቶ ይደርሳል። በመሆኑም የዘወትሩ ንባብ በመደቡ የላይኛው አጋማሽ ላይ እንዲውል ተደርጎ መመረጥ ይኖርበታል።

ከፍተኛ ጅረት በቀጥታ በመለኪያው ውስጥ ስለማያልፍ የጅረት ትራንስፎርመር መጠኑን ወደ 5 ወይም ወደ 1 አምፔር ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ የመለኪያው መደብና የትራንስፎርመሩ ምጥጥን አንድ መሆን አለባቸው። ትራንስፎርመሩ 200 ለ5 ሆኖ ሳለ ለ100 ለ5 የተዘጋጀ መለኪያ ቢገጠም፣ በመስመሩ ላይ 160 አምፔር ሲያልፍ ቀስቱ 80 ላይ ይቆማል። ኦፕሬተሩም ጀነሬተሩ ገና ግማሽ ጭነት ላይ ያለ መስሎት ተጨማሪ ጭነት ሊያገናኝ፣ ማሽኑም ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ሊቃጠል ይችላል።

ሌላው ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መለኪያው በሚቀየርበት ወቅት ነው። በመስመሩ ላይ ጭነት እያለ የጅረት ትራንስፎርመሩ የመለኪያ ወገን ሽቦ ከተላቀቀ በጫፎቹ ላይ ለሕይወት አስጊ የሆነ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ስለሆነም ኃይሉ መቋረጥ፣ ይህ ካልተቻለ ደግሞ መለኪያው ከመነቀሉ በፊት ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ መገናኘት አለባቸው። ሥራውም ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው።

የመጠን ጉዳይም ቀላል አይደለም። የፊት ገጹ 96 በ96 ሚሊሜትር የሆነ መለኪያ 92 በ92 ሚሊሜትር የተቆረጠ ቀዳዳ ሲፈልግ፣ 72 በ72 የሆነው ደግሞ 68 በ68 ይፈልጋል። በመደቡ ግርጌ የሚገኙ ምልክቶችም ትርጉም አላቸው። ሞገድ መሰል መስመር ኤሲን፣ ቀጥ ያለ መስመር ዲሲን ያመለክታል፤ በኮከብ ውስጥ የተጻፈ 2 ቁጥር መከላከያው በ2 ኪሎቮልት መፈተኑን ይገልጻል። መሣሪያው ቆሞ ወይም ተጋድሞ መገጠም እንዳለበት የሚያሳይ ምልክትም አለ፤ ይህ ካልተከበረ ንባቡ ይዛባል።

ባለቀስት መለኪያ መረጃ አያከማችም፤ ንዝረትም ይጎዳዋል። በሌላ በኩል የተለመዱት የቮልትና የአምፔር መለኪያዎች የተለየ የኃይል ምንጭ ሳያስፈልጋቸው ይሠራሉ፤ የጭነቱን መጨመርና መቀነስም ከርቀት በአንድ እይታ ያሳያሉ። ንባቡ ትክክል እንዲሆን ኃይል በተቋረጠበት ጊዜ ቀስቱ ዜሮ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ካልሆነም ከፊት ባለችው ብሎን ማስተካከልና ሲያነቡ ፊት ለፊት ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል።

በመሆኑም የግዥ ጥያቄ የሚያዘጋጁ የሥራ ክፍሎች የጅረቱን ዓይነት፣ የመደቡን መጠን፣ የትራንስፎርመሩን ምጥጥን፣ የትክክለኛነት ደረጃውን፣ የፊት ገጹን ስፋትና የአገጣጠሙን ሁኔታ በዝርዝር ማስፈር ይጠበቅባቸዋል። ዕቃው ሲገባም የርክክብ ኮሚቴው እነዚሁኑ ነጥቦች ከመደቡ ላይ አንብቦ ቢያመሳክር፣ በጥቂት ደቂቃ ሥራ የሕዝብን ሀብትና የሠራተኛን ሕይወት ከአደጋ መታደግ ይቻላል።