የአናቶሚ ዲግሪ ትምህርትና ፋይዳው፦ በጌዶና በአካባቢው ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

መግቢያ

በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በጌዶ ከተማና በዙሪያዋ የሚያገለግሉ ወጣት የጤና ባለሙያዎች ትምህርታቸውን ለመቀጠል ሲያስቡ የአካል አወቃቀር ጥናት፣ ማለትም አናቶሚ፣ ከምርጫዎቻቸው አንዱ ሊሆን ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ትምህርቱ ምን እንደሚያካትት፣ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ምን እንደሚፈይድና ከተማሪው ምን እንደሚጠይቅ በአጭሩ ማብራራት ነው።

አናቶሚ በአገራችን የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲም እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋሙ ጀምሮ የጤና ትምህርት መሠረት ሆኖ ኖሯል። ራሱን ችሎ የሚሰጠው ግን በአብዛኛው በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነው። እንደ ናይጄሪያና እንግሊዝ ባሉ አገሮች በመጀመሪያ ዲግሪም ይሰጣል። በየትኛውም ደረጃ ቢሆን ዲግሪው ለብቻው በሽተኛ የማከም ፈቃድ አያስገኝም፤ በዋናነት የሚያዘጋጀው ለማስተማርና ለምርምር ነው። ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

የትምህርቱ ይዘት

ትምህርቱ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው በዓይን የሚታየውን አካል በምላጭና በመቆንጠጫ እየከፈቱ የሚያጠኑበት ጠቅላላ አናቶሚ ነው። ሁለተኛው ህብረ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሂስቶሎጂ፣ ሦስተኛው የጽንስን ዕድገት የሚከታተለው ኢምብሪዮሎጂ፣ አራተኛው ደግሞ አንጎልንና ነርቮችን የሚያጠናው ኒውሮአናቶሚ ነው። ተማሪው በአዋቂ ሰው የሚገኙትን 206 አጥንቶች ስም ማወቁ ብቻውን በቂ አይደለም። በእያንዳንዱ አጥንት ላይ የትኛው ጡንቻ እንደሚጣበቅ፣ በአጠገቡም የትኛው ነርቭና የደም ሥር እንደሚያልፍ ማስረዳት ይኖርበታል።

ለዕለት ሥራ ያለው ጥቅም

አንደኛው ምሳሌ በመቀመጫ ላይ የሚሰጥ መርፌ ነው። ሳያቲክ ነርቭ ከዳሌ አጥንት ወጥቶ በመቀመጫው የታችኛው ክፍል በኩል ወደ ጭን ይወርዳል። ስለዚህ መርፌው በላይኛውና በውጭኛው ሩብ ላይ መሰጠት እንዳለበት ሁሉም ተምሯል። ስህተቱ የሚመጣው አከፋፈሉ ላይ ነው። መቀመጫ የሚጀምረው ከዳሌ አጥንት ጫፍ ነው፤ ባለሙያው ግን የሚታየውን ሥጋማ ክፍል ብቻ ለአራት ሲከፍል መርፌው ከሚገባው በታች ያርፋል። በጥቂት ሰዎች ደግሞ ነርቩ ገና በዳሌ ውስጥ ሳለ ለሁለት ይከፈላል፤ መንገዱም ከሥዕሉ ይለያል። በሕፃናት ጡንቻው ስስ በመሆኑ የጭን የፊትና የውጭ ጎን ይመረጣል። ነርቩ የተጎዳ ልጅ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ማንሳት ተስኖት ይጎትታል፤ የመደንዘዝ ስሜትም ሊኖረው ይችላል። ፖሊዮ ግን አያደነዝዝም። ይሁን እንጂ ከ15 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በድንገት የሚከሰት ልፍስፍስ ሽባነት ሁሉ ወዲያውኑ ሪፖርት መደረግ አለበት።

ሁለተኛው ምሳሌ ወጌሻ በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረው ስብራት ነው። የቅልጥም ጡንቻዎች በማይለጠጥ ሽፋን ተከልለው በአራት ክፍሎች ይገኛሉ። ክንዱ ወይም ቅልጥሙ ሲያብጥ እስሩም ሲጠብቅ በክፍሎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ በቅድሚያ ደም መላሾችና ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ትልቁ ደም ወሳጅ ግን ገና ክፍት ሊሆን ስለሚችል የልብ ትርታ በእጅ አንጓ ላይ መዳሰሱ ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም። ቀደም ብሎ የሚታየው ምልክት ጣቶቹ በሌላ ሰው እጅ ሲዘረጉ የሚሰማው ብርቱ ሕመም ነው። እስሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ሰዓታት በዘገዩ ቁጥር ጡንቻው ይሞታልና። በዚህን ጊዜ የአናቶሚ ዕውቀት አንድን እጅ ከመቆረጥ ያድናል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል በሽተኛ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጨጓራው ነው። በጌዶ የሚበዛው ኦሮምኛ ተናጋሪም ኦኔ (ልብ)፣ ለጴ (ደረት) እና ገራ (ሆድ) የሚሉትን ቃላት ሲጠቀም የትኛውን ቦታ ማለቱ እንደሆነ በጣቱ እንዲያሳይ መጠየቅ ይገባል። የላቲኑን ስም ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ግማሹን መረጃ ያጣል።

የአስከሬን ጉዳይ

የአናቶሚ ትምህርት ከባዱ ጥያቄ አስከሬኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣው ሕግ ወገን ያልቀረበላቸው ድሆች አስከሬን ለትምህርት እንዲውል ፈቅዶ ነበር። በአፍሪካ የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ የአገራችንም ጭምር፣ ዛሬም በአብዛኛው የሚገለገሉት በዚሁ ዓይነት አስከሬን ነው። የዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን ግን በሕይወት ሳሉ በፈቃዳቸው የሰጡ ሰዎች አስከሬን ብቻ እንዲሠራበት እ.ኤ.አ. በ2012 መክሯል።

«ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር፣ ዕድርም ዋነኛ የኅብረተሰብ ምሰሶ በሆነበት ሁኔታ፣ ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም። በጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ሰው ቀባሪ ያጣ ሰው ነው። ስለዚህ ተማሪው ፎቶግራፍ ከማንሳት፣ ከቀልድና ከፌዝ መታቀብ አለበት፤ ትምህርት ቤቱም ትምህርቱ ሲያበቃ ቅሪቱን በክብር የመቅበር ግዴታ አለበት። የፈቃደኝነት ልገሳ የሚጀመረው ሕዝቡ ይህንን ክብር በዓይኑ ሲያይ ነው።

አስከሬን የሚቆይበት ፎርማሊንም የራሱ አደጋ አለው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፎርማልዲሃይድን እ.ኤ.አ. በ2004 ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጡ ነገሮች መደብ መድቦታል። ክፍሉ ነፋስ የሚዘዋወርበት መሆኑ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያም መኖሩ የግድ ነው።

ማጠቃለያ

ዲግሪው ተገቢ የሚሆነው ማስተማርን ለሚወድ፣ ረጅም ሰዓት ቆሞ ለሚሠራና ከሕክምና ሥራ መራቅን ለሚቀበል ሰው ነው። ወደ ዲግሪው የማይሄደው ባለሙያም ቢሆን ትምህርቱን መቀጠል ይችላል። መርፌ ከመውጋቱ በፊት የአጥንቱን ጫፍ በጣቱ ይዳስስ፤ ያየውን በእርሳስ ይሣል፤ ለአዲሱ ባልደረባውም ምክንያቱን ያስረዳ። የጤና ጣቢያው ተራ መርፌ ክፍልም በዚህ መልክ የአናቶሚ ትምህርት ቤት ይሆናል።