የአምቦ ነፋስ ለሰርቨር ክፍል

ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። 10 ኪሎዋት የሚበላ የሰርቨር መደርደሪያ ቀን ከሌሊት 10 ኪሎዋት ሙቀት ይተፋል። ኤሲው የሚሠራው ይህን ለማውጣት ነው፤ ቆጣሪውን አብዝቶ የሚያዞረውም ኮምፕረሰሩ ነው። ውጭው ቀዝቃዛ ሲሆን ኮምፕረሰሩን አጥፍቶ፣ አየሩን እያጣሩ በማራገቢያ ማስገባት «ነፃ ማቀዝቀዝ» ይባላል።

አሽሬ የተባለው የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ወደ ሰርቨር ለሚገባ አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመክራል። 2,100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለችው አምቦ ሌሊቷ ከዚህም በታች ይበርዳል፤ ቀኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ27 አያልፍም። የሆለታ ብርድማ ይብሳል። እንዲህ ባለ አገር ኮምፕረሰር ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ማደሩ፣ ለእኔ፣ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ነፃ የሚባለው ግን ቅዝቃዜው እንጂ ማራገቢያው አይደለም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ያንን 10 ኪሎዋት፣ አየሩ በ12 ዲግሪ እየሞቀ እንዲያወጣው ቢታሰብ፣ ባሕር ዳርቻ በሰዓት 2,500 ሜትር ኩብ ግድም ይበቃል፤ አምቦ ላይ ወደ 3,200 ያስፈልጋል። ማራገቢያውን ከካታሎግ እንዳለ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቀው ሰርቨሩ ሲግል ነው።

አቧራውም አለ። ኅዳር አልፎ ጤፍ ሲወቃ፣ ከጊንጪ እስከ ጉደር እብቁ በነፋስ ይነሣል። አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ የሚሆነውም ያኔ ነው፤ ስለዚህ ፊልተሩ በበጋ ቶሎ ቶሎ ይታያል። የታፈነ ፊልተር ማራገቢያውን ያለፋል፤ የተቆጠበውንም ይበላል።

ክረምቱ በእርጥበቱ ብዙዎችን ያስፈራል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2011 ፌስቡክ ፕራይንቪል፣ ኦሪገን ባለው የመረጃ ማዕከሉ እርጥበት የሚያደርሰውን ጉዳት አይቷል፦ መቆጣጠሪያው ተሳስቶ ሞቃትና ደረቅ አየር ውሃ በሚረጨው ማቀዝቀዣ በኩል መልሶ ሲያዞር፣ እርጥበቱ ከ95 በመቶ አልፎ ሰርቨሮቹ ላይ ጤዛ ወረደ፤ አንዳንዶቹም ተበላሹ። ችግሩ ግን የአያያዝ ነው። የነሐሴን 14 ዲግሪ አየር፣ እርጥበት የጠገበ እንኳ ቢሆን፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ከሚወጣው ሞቃት አየር ጋር ቀላቅለው 22 ቢያደርሱት እርጥበቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል።

ለኮምፕረሰሩ የሚቀረው የመጋቢትና የሚያዝያ ከሰዓት ነው። አየሩ ያኔ ደረቅ ከሆነ ውሃ እየረጩ ማቀዝቀዝም ይቻላል፤ በአምቦ ውሃ ግን አይሞከርም፤ ማዕድኑ መርጫውን ይደፍነዋል።