አንኮበርና የነገው ሕዝብ ቁጥር

ያለውን ሰው መቁጠር ራሱ ብዙ ድካም አለበት፤ ገና ያልተወለደውንስ መቁጠር ይቻላልን? የሥነ ሕዝብ ሊቃውንት ይቻላል አይሉም፤ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል» ይላሉ እንጂ።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ሕዝቡ በጾታና በአምስት አምስት ዓመት ዕድሜ ይመደባል። ከየምድቡ የሚሞተው ተገምቶ ይቀነሳል፤ የተረፈው ወደሚቀጥለው ምድብ ይሻገራል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ሴቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት በመጀመሪያው ምድብ ይገባሉ፤ ከሌላ አገር የሚመጣው ይደመራል፤ የሚሄደውም ይቀነሳል። ይህ የሂሳብ አምሳያ ሞዴል ይባላል። ኮምፒዩተር ግምቱን እየለዋወጠ ስሌቱን በብዙ ሺሕ ጊዜ ስለሚደጋግመው፣ ውጤቱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ የተዘረጋ ነው።

ለአንድ ከተማ ሲሰላ ከሁሉ የሚያስቸግረው የሚሄደውና የሚመጣው ሰው ነው። ለዚህም አንኮበር ጥሩ ምስክር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ዋና መናገሻ ነበረች። በዚያን ጊዜ የሚወለደውንና የሚሞተውን ብቻ ይዞ የሚያሰላ ሊቅ ቢኖር ኖሮ፣ ለዛሬዋ አንኮበር የታላቅ ከተማ ሕዝብ በመደበላት ነበር። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ኋላም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲዛወሩ መኳንንቱም ወታደሩም ባለእጁም ተከተላቸው። የቤተ መንግሥት መነሣት በወሊድና በሞት ስሌት ውስጥ አይታይም።

በቅርቡ ዘመንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ነበር። አገሪቱ በጠቅላላው ባደገችበት በ2.6 በመቶ ቢያድግ ኖሮ፣ በ1999 ዓ.ም. 19 ሚሊዮን ገደማ በደረሰ ነበር፤ የተቈጠረው ግን 17.2 ሚሊዮን ሆነ። ወሊድ ቀንሶ ነው ወይስ ሰው ፈልሶ፣ ወይስ ቆጠራው ራሱ ጎድሎ? ነገሩ እስከ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ደርሶ አከራከረ። የፌዴራል ድጎማ ሲከፋፈል ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የሕዝብ ብዛት በመሆኑ፣ ክርክሩ የመምህርና የጤና ጣቢያ፣ የመንገድም ክርክር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሞ በ2011 ዓ.ም. ሳይካሄድ ቀርቷል። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ለዕቅድ የምንጠቀምበት የሕዝብ አኀዝ በአብዛኛው ከ1999 ዓ.ም. ተነሥቶ የተሰላ ግምት ነው፤ እንደ ተቈጠረ አድርጎ መጻፍ ግን በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት መካከለኛ ግምት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2050 የኢትዮጵያ ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ያሳያል። በዚሁ ድርጅት ሰንጠረዥ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት ከመካከለኛው የሚለዩት፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ ግማሽ ልጅ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ በሚል ነው፤ ከዚህች ግማሽ ልጅም በሚሊዮን የሚቈጠር የሰው ልዩነት ይወጣል።