ሰባት ቤት ከመቁጠር ባሻገር፦ ስለ ዘር ተሸካሚነት ምርመራ

በደጎሎ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎም ይጠየቃል። የመጀመሪያው ልማድ ጥቅም አለው፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ንጹሑን ይጎዳል። ልዩነቱን ለመረዳት በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ማወቅ ያሻል።

ሰው ዘረመሉን ከእናቱም ከአባቱም በጥንድ ይወርሳል። በብዙ በሽታዎች ረገድ ከጥንዱ አንዱ ጉድለት ቢኖርበት ሌላው ስለሚሸፍንለት ሰውየው በጤና ይኖራል፤ ተሸካሚ የሚባለውም እርሱ ነው። የአንድ ዓይነት ጉድለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከ4 አንድ፣ እንደ ወላጆቹ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከ4 ሁለት፣ ከጉድለቱ ነጻ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመምና አልቢኒዝም የሚባለው የቆዳና የፀጉር መንጣት በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ጉድለት የመውረስ ዕድላቸው ሰፊ በመሆኑ ሰባት ቤት መቁጠር አደጋውን ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀርም።

ሥጋ ደዌ በአንጻሩ በዘር አይወረስም። ሐንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ በመድኃኒትም የሚድን በሽታ ነው። ስለዚህ በእርሱ ምክንያት ቤተሰብን ከጋብቻ ማራቅ ግፍ ነው።

ሰዎች የተሸካሚነት ምርመራን የሚሹት የታመመ ልጅ ወይም ወንድም ስላላቸው፣ አልያም ከመጋባታቸው በፊት ለማወቅ ስለሚፈልጉ ነው። ነጻ የሆነ እፎይ ይላል። ተሸካሚ የሆነው ግን ራሱን ሊወቅስ፣ ለእጮኛውና ለወንድም እህቶቹ እንዴት እንደሚነግር ሊጨነቅ ይችላል። ምስጢሩ ከወጣ ደግሞ ጉዳቱ ለእኅቶቹም ይተርፋል።

በቆጵሮስ ታላሲሚያ የተባለው የደም ሕመም ተሸካሚ ከ7 ሰዎች አንዱ ያህል ነው። የዚያች አገር ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተጋቢዎች መመርመራቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ትጠይቃለች። ማስረጃው መመርመራቸውን እንጂ ውጤቱን አይገልጽም፤ ውሳኔውም የተጋቢዎቹ ነው።

የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ተሸካሚነት በሽታም ኃጢአትም አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ የእርሱም የወላጆቹም በደል አለመሆኑን መልሷል። እኛም በቤቱ ሕመም ያለበትን ወጣት ወደ ሐኪም እንምራ፤ ምስጢሩን እንጠብቅ፤ ሐሜቱንም በትምህርት እናርም።