ስለ ክላውድ አያያዝና ርክክብ
(በሬዲዮ ከተደረገ ንግግር)



በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከቤቴል ወይም ከአየር ጤና ተነሥቶ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው «ዛሬ ሲስተም የለም» ሲባል፣ መሣሪያ ተበላሽቷል ብሎ ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን መሣሪያው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ አያያዙን የሚያውቀው ሠራተኛ ተዛውሮ፣ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዶ ይሆናል።

ክላውድ ወይም ደመና የተባለው ነገር ስሙ ነው እንጂ በሰማይ የለም። በአንድ አዳራሽ የተደረደሩ ብዙ ሰርቨሮች ኀይላቸው ተደምሮ፣ ለየመሥሪያ ቤቱ እንደ ፍላጎቱ የሚሸነሸንበት አሠራር ነው። ይህን ድልድል ከሚያካሂዱት ፕሮግራሞች አንዱ ኦፕንስታክ ይባላል። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ናሳና ራክስፔስ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በኅብረት ጀመሩት። የአሠራሩ ምስጢር ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ የፈለገ ሁሉ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊተክለው ይችላል፤ በዤኔቭ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት ሴርንም ከ2013 ጀምሮ ይሠራበታል። ክፍያ የለውም ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ስለሚወጣ፣ ተከታትሎ ለሚያድሰው ባለሙያ በጀት መያዝ ግድ ነው።

አሠራሩ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይሆንም። ኪስቶን የተባለው ክፍል እንደ በር ጠባቂ መታወቂያ ይጠይቃል፤ ኖቫ ኮምፒዩተሩን ይሰጣል፤ ሲንደር እንደ ግምጃ ቤት ዲስክ ያድላል። ሠራተኛው ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ሆራይዘን ከሚባለው ገጽ ላይ ሆኖ ነው። የሚወስደውም በኮታ ነው፤ አስተዳዳሪው ካልለወጠው በቀር ለአንድ ፕሮጀክት 10 ኮምፒዩተርና 20 ኮር ይፈቀዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ መሄድ መመለስ አይደለም፤ ጠፍቶም ከኮታው ይቈጠራል። ጨርሶ ሲሰረዝ ደግሞ በራሱ ዲስክ ላይ ብቻ የነበረው መዝገብ አብሮ ይጠፋል። በሲንደር ዲስክ የተቀመጠው ግን አብሮ እንዲሰረዝ ካልታዘዘ ይተርፋል።

ወንበር እንኳ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ፣ ሠራተኛው ሲዛወር ተቈጥሮ ይመለሳል። የማይታየውን ኮምፒዩተር ቈጥሮ የሚያስረክብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የተከፈተበት ሥራና ኀላፊው አብሮ ይጻፍ። የይለፍ ቃል በጋራ አይያዝ፤ ለሚሠራው «አባል»፣ ለሚመለከተው ብቻ «አንባቢ» የሚባለው ሥልጣን በየስማቸው ይሰጥ። የተዛወረው ሰው ስም ሳይዘጋ ከቆየ የባለጉዳዮች የግል መረጃ ለማይመለከተው ሰው ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በ2016 ዓ.ም. ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ይህን በቸልታ አያልፈውም።

በችኮላ መሰረዝም ሌላ ጉዳት አለው። ፕሮግራሞች ራሳቸው ወደ ኦፕንስታክ የሚገቡበት ቁልፍ በአንድ ሠራተኛ ስም የተሠራ ከሆነ፣ የእርሱ ስም በተሰረዘበት ቀን ቁልፉም ይሞታል። በመስኮት የቆመው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በተተኪው ስም አዲስ ቁልፍ ይሠራ፤ ፕሮግራሙ በእርሱ መሥራቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በኋላ የቀድሞው ይሰረዝ። የመጠባበቂያውን ቅጂም ተተኪው፣ የቀድሞው ሠራተኛ ሳይሄድ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ጊዜ ከፍቶ ይየው።