ዋልካ ቤትን ስለ ምን ይሰነጥቃል?

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚያዝያ ወር የተጓዘ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ያያል። በነሐሴ ቢመለስ ግን ስንጥቁ ተደፍኖ፥ ጭቃው ጫማ ሲነጥቅ ያገኘዋል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ግድግዳው ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ግንበኛው ነው። ነገር ግን ጥፋቱ ከመሠረቱ በታች ሊሆን ይችላልና ምክንያቱን እንመርምር።

በዋልካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስሜክታይት የተባለው ማዕድን፥ በሞሰብ እንደ ተደራረበ እንጀራ፥ ከስስ ሉሆች የተሠራ ነው። የአንዱ ሉህ ውፍረት 1 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም የ1 ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። የ1 ግራም ንጹሕ ስሜክታይት ሉሆች ሁሉ ገጻቸው ቢደመር ወደ 750 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ይሰፋል።

ሉሆቹ ኔጌቲቭ ሙል ስላላቸው በመካከላቸው እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ ፖዘቲቭ አዮኖች ይቀመጣሉ። ዝናብ ሲዘንብ አዮኖቹ ውኃ ይስባሉ፤ ውኃውም በመካከል ገብቶ ሉሆቹን ያራርቃቸዋል፤ አፈሩም ያብጣል። በበጋ ውኃው ሲተን አፈሩ ይኮማተራል፤ ይሰነጠቃልም። በቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው የካኦሊናይት ሉሆች ግን እርስ በርሳቸው አጥብቀው ስለ ተያያዙ ውኃ በመካከላቸው አይገባም፤ ስለዚህ ቀይ አፈር እንደ ዋልካ አያብጥም።

የዋልካ ጥንካሬም በውኃው ልክ ይለዋወጣል። ሲደርቅ ማረሻ አያስገባም፤ ሲርስ ሉሆቹ በውኃው ላይ ስለሚንሸራተቱ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ውኃ ሲበዛበትም ይፈስሳል። የስዊድኑ ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 የእነዚህን ሁኔታዎች ወሰን መለኪያ አወጣ። ዛሬም እርጥብ አፈር በመዳፍ እንደ ገመድ ይድበለበላል፤ 3 ሚሊሜትር ያህል ሲቀጥን መበጣጠስ ከጀመረ ከሊጥነቱ የታችኛው ወሰን ደርሷል ይባላል።

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንመለስ። አፈሩ በሁሉም ወገን እኩል ቢያብጥ ኖሮ ቤቱ ባንድነት ከፍና ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር። ነገር ግን የጣሪያው ጠፈጠፍ የሚወርድበት ማዕዘን ሲያብጥ ከወለሉ ሥር ያለው ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ አንዱ ወገን ሲነሣ ሌላው ባለበት ስለሚቆይ ግድግዳው ይከፈላል። ስለዚህ መሐንዲሶች ዋልካውን ቆፍረው በሌላ አፈር ይተካሉ፤ ወይም ኖራ ያዋህዱበታል፤ የኖራው ካልሲየም እብጠቱን ይቀንሳልና። የጣሪያውን ውኃ ከመሠረቱ የሚያርቅ ቦይም ብዙ ይረዳል።

ዋልካ ጠላታችን አይደለም። የያዘው ውኃ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ለሽምብራና ለጓያ ስንቅ ይሆናል። እንግዲያስ አፈሩን ከመርገምና ግንበኛውን ከመክሰስ በፊት ውኃው በየት በኩል እንደ ገባ እንመልከት።